የተበተነው የስልክ ትውስታ ወደ አንድ ማኅደር እንዴት ይሰበሰባል?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ከቅርብም ከሩቅም የመጡ ምዕመናንን ታስተናግዳለች። በመስቀል ቅርጽ ወደተሠራችው አምባ የሚወጣው መንገደኛ ዛሬ ከነጠላውና ከምርኩዙ ጋር ስልክም ይዟል። አቀበቱን ይቀርጻል፤ ማኅሌቱን ይቀዳል፤ ከአምባው አፋፍ ሆኖ የሚታየውን ገደልና ሸለቆ ፎቶ ያነሣል። በዓሉ ሲያበቃ ሰው ወደየቤቱ ይመለሳል። የቀረጸው ምስልና ድምፅ ግን አብሮት ወደ አንድ ቤት አይገባም፤ በየማኅበራዊ መገናኛው ተበትኖ ይቀራል።

ከደሴ የተነሣች አንዲት ምዕመን ለምሳሌ ትወሰድ። የአቀበቱን ጉዞ በቲክቶክ ለቀቀች። የማኅሌቱን ድምፅ በቴሌግራም ለእናቷ ላከች። የበዓሉን ፍጻሜ በፌስቡክ በቀጥታ አስተላለፈች። ጂዳ ለምትሠራው እህቷ በኢሞ ደውላ ታቦቱ ሲነግሥ አሳየቻት። የመኪናውን ሒሳብ በቴሌብር ከፈለች። የአንድ ቀን ታሪክ በአምስት የተለያዩ ድርጅቶች እጅ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቿ «የዚያን ቀን ሁሉ አሳዪን» ቢሏት ምን ታገኛለች? የኢሞው ጥሪ ከነጭራሹ አልተቀረጸም። የቴሌግራሙ ድምፅ ከሺህ መልእክቶች ሥር ተቀብሯል። የፌስቡኩ ቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ጠፍቷል።

የፌስቡኩ መጥፋት ግምት አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ባወጣው መመሪያ መሠረት ከየካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ የሚተላለፉ ቀጥታ ሥርጭቶች በገጹ ላይ የሚቆዩት ለ30 ቀናት ብቻ ነው። ባለቤቱ ካላወረዳቸው ይሰረዛሉ። ከዚያ ቀደም የተላለፉትም ለባለቤቶቻቸው ማሳሰቢያ እየተላከ በሂደት እንዲሰረዙ ተወስኗል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ነውና ስሌቱ ቀላል ነው። መስከረም 21 ከግሸን የተላለፈ ሥርጭት ጥቅምት 21 ሲደርስ ጊዜው ያበቃል።

ነገሩ የበዓል ትውስታ ብቻ አይደለም። የአንድ የአምባሰል አርሶ አደር ስልክም እንዲሁ የተበተነ መዝገብ ነው። የገዛው ምርጥ ዘር ከረጢት ፎቶ፣ የግብርና ባለሙያው በድምፅ የላከለት ምክር፣ ለነጋዴ የላከው የበሬ ምስል፣ የማዳበሪያ ክፍያ ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ፎቶ ሁሉም በየፊናው ተቀምጠዋል። ዘሩ ሳይበቅል ቢቀር «የቱን ዘር፣ ከማን፣ መቼ ገዛህ?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው በየቦታው የበተነውን የኢንተርኔት እንቅስቃሴውን በቀን ቅደም ተከተል ወደ አንድ የግል መዝገብ እንዴት ይሰበስባል? መዝገቡስ የማን መሆን አለበት?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የአንድን ሰው ሥራ፣ መልእክትና ምስል ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል እንደ ወንዝ በአንድ መስመር ማፍሰስ የሚለው ሐሳብ ከማኅበራዊ መገናኛዎች በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች የነበሩት ኤሪክ ፍሪማንና ዴቪድ ገለርንተር ይህን ሐሳብ «ላይፍስትሪም» ብለው ሰየሙት። ሰነድን በየክፍሉ በስም ከመደርደር ይልቅ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በቀኑ ማሰለፍ ይሻላል የሚል ነበር። ሰው የፋይሉን ስም ቢረሳ እንኳ «ከፋሲካ በፊት ነበር»፣ «አዝመራው ሲሰበሰብ ነበር» ብሎ ጊዜውን አይረሳምና።

ማኅበራዊ መገናኛዎች ሲበዙ ሐሳቡ ወደ ገበያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የቀድሞ የጉግል ሠራተኞች «ፍሬንድፊድ» የተባለ አገልግሎት መሠረቱ። አንድ ሰው በተለያዩ ገጾች የሚያወጣውን ጽሑፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ራሱ እየለቀመ በአንድ ገጽ ያሳይ ነበር። በ2009 ፌስቡክ ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ደግሞ ተዘጋ። የተበተነውን ይሰበስብልናል ብለው የታመኑበት ሰዎች ሰብሳቢው ራሱ ሲበተን አዩ።

ሌሎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ማይስፔስ የተባለው ገጽ በ12 ዓመታት ውስጥ የተጫኑለትን ዘፈኖች እንዳጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጉግል ፕላስ በዚያው ዓመት ለተራ ተጠቃሚዎች ተዘጋ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በውጭ ሀገር ሲወያዩበት የነበረውን የኢሜይል ቡድን ዓይነት ያቀርብ የነበረው ያሁ ግሩፕስም በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱን አቆመ። ጉግል ደግሞ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከነይዘታቸው ሊሰርዝ እንደሚችል በመመሪያው አስፍሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። በሰው ቤት የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ይቆያል። ስለዚህ መሰብሰቢያው ሌላ የኪራይ ቤት ከሆነ ችግሩን ቦታ ማዛወር እንጂ መፍታት አይሆንም። የሚሰበሰበው በባለቤቱ እጅ ወዳለ ማኅደር ነው።

የሐይቅና የግሸን መጻሕፍት ምሳሌ

ማኅደር የሚለው ቃል ራሱ የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት ያመለክታል። ደቡብ ወሎ ደግሞ የተበተነን ነገር ወደ አንድ ማኅደር የመሰብሰብ ጥንታዊ ልማድ ያለበት አካባቢ ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ ነው። መጽሐፉ አራቱን ወንጌላት ብቻ የያዘ አይደለም። በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ ስለ ገዳሙ የሚናገሩ ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል፤ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝርም ከእነዚህ አንዱ ነው። በብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትም ልማዱ ይኸው ነበር። የመሬት ስጦታ፣ የውል ቃል፣ የንዋያተ ቅድሳት ቆጠራ በየብጣሽ ብራናው እንዲበተን አይተውም ነበር፤ ማንም ደፍሮ በማይፍቀው በወንጌሉ ውስጥ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉ የደብሩ ተከታታይ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ግሸንም የራሷ መዝገብ አላት። የግማደ መስቀሉን አመጣጥ የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት በዚያ ይገኛል። ስሙን ያገኘው እንደ ጤፍ ከደቀቀው ጽሕፈቱ እንደሆነ ይነገራል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መሠረት ግማደ መስቀሉ ብዙ ሀገር አቋርጦ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በግሸን ዐርፏል። የጉዞው ታሪክ ዛሬ በየዓመቱ የሚነገረው አንድ ላይ ተጽፎ በአንድ ቦታ ስለተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቅጂን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር በመተባበር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። ቅጂዎቹ በሀገር ውስጥም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጡ። ብዙዎቹን እየመረመሩ በዝርዝር የመዘገቡት ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም በዚህ ስብስብ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። ዋናው መጽሐፍ በባለቤቱ እጅ ሆኖ ቅጂው በሩቅ ሀገር መኖሩ ከእሳት፣ ከስርቆትና ከጦርነት የሚጠብቅ መድን ነው።

የራስ ቅጂ ለምን አስፈለገ?

የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ የዚህን ጥያቄ መልስ በታሪኳ ይዛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በውጫሌ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትላላክ የኢጣሊያን እገዛ መጠቀም እንደምትችል ይናገራል። በኢጣሊያንኛው ግን ይህ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣሊያ የራሷን ቅጂ ይዛ «ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት» ስትል፣ ኢትዮጵያ የአማርኛውን ቅጂ ይዛ ተከራከረች። ምኒልክ ውሉን ሰረዙት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዓድዋ ተቋጨ።

የአንድ ግለሰብ ደረሰኝ ከመንግሥታት ውል ጋር በክብደት አይነጻጸርም። መርሁ ግን አንድ ነው። ሌላው ወገን ብቻ የያዘው ሰነድ በክርክር ጊዜ የሌላው ወገን ምስክር ነው። አካውንት ሊዘጋ፣ የይለፍ ቃል ሊጠፋ፣ የላከው ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ስልኮች ሊሰርዘው ይችላል። ቴሌግራም ይህን የማድረግ ሥልጣን ለላኪም ለተቀባይም ይሰጣል።

የአካባቢው የቅርብ ጊዜ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የነበሩ የወረቀት መዛግብት ጠፍተዋል። በ2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ ሀገሪቱ ለአምስት ወራት ያህል በቀጥታ የማይከፈቱበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በእነዚህ ወራት ፎቶውና ሰነዱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው የራሱን ንብረት ማየት አልቻለም። በስልኩ ወይም በፍላሹ ቅጂ የነበረው ግን አልተቸገረም።

የተበተነውን ማውረድ

ትላልቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች አንድ ተጠቃሚ ያስቀመጠውን ሁሉ እንዲያወርድ የሚያስችል በር አላቸው። በሩ ብዙ ጊዜ በቅንብሮች ውስጥ ጠልቆ ስለሚገኝ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ፌስቡክ፦ በቅንብሮች ውስጥ «አካውንትስ ሴንተር» ከተገባ በኋላ ስለ ግል መረጃ በሚናገረው ክፍል መረጃን የማውረጃ ምርጫ ይገኛል። የሚወርደው በሁለት ዓይነት ነው። «ኤችቲኤምኤል» የተባለው እንደ ተራ ገጽ ተከፍቶ ይነበባል፤ «ጄሰን» የተባለው ለኮምፒውተር ፕሮግራም የተዘጋጀ ነው። ለተራ ተጠቃሚ የመጀመሪያው ይሻላል። የፎቶ ጥራቱን ከፍተኛ አድርጎ መምረጥ አይዘንጋ። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ፋይሉ እስኪዘጋጅ ሰዓታት ወይም ቀናት ይወስዳል፤ ተዘጋጅቶም የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ጉግል፦ «ቴክአውት» የተባለው አገልግሎት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የጂሜይል መልእክት፣ በጉግል ፎቶዎች የተቀመጠ ምስል፣ በዩቲዩብ የተጫነ ቪዲዮ፣ የስልክ አድራሻዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይወርዳሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ አስፈላጊውን ብቻ መምረጥ የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል።

ቴሌግራም፦ ሙሉውን የማውረጃ በር የሚገኘው በኮምፒውተር በሚጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው። በቅንብሮች «አድቫንስድ» ከሚለው ክፍል የቴሌግራም መረጃን ወደ ውጭ ማውጫው ይገኛል። አንድን ውይይት ወይም አንድን ቻናል ብቻ ለይቶ ማውጣትም ይቻላል። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ ለደኅንነት ሲባል የተወሰነ ሰዓት መጠበቅ ሊጠየቅ ይችላል።

ቲክቶክ፦ በቅንብሮች «አካውንት» ከሚለው ሥር መረጃን የማውረጃ ጥያቄ ይቀርባል። ቪዲዮዎች ከገጹ ሲቀመጡ የቲክቶክ ምልክት ያርፍባቸዋል። ስለዚህ ቪዲዮ ከመለቀቁ በፊት ዋናውን በስልክ ማስቀረት ይበጃል።

ዋትስአፕ እያንዳንዱን ውይይት ከነፎቶው ወደ ፋይል የማውጣት ምርጫ አለው። የቴሌብርና የባንክ ክፍያዎችን በተመለከተ የማረጋገጫ አጭር መልእክቶችን አለማጥፋት፣ ለትልልቅ ክፍያዎች ደግሞ ደረሰኙን በምስል ማስቀረት ተገቢ ነው።

የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው በሐይቅ፣ በውጫሌ ወይም በደሴ ባሉ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤቶች ሊሠራው ይችላል። በዚህ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ የግድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከአካውንቱ መውጣት፣ የወረደውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ማጥፋት፣ በስልክ ቅንብር ውስጥም የትኞቹ መሣሪያዎች እንደተገናኙ አይቶ የማይታወቀውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ያለ ዋይፋይ የሚያወርድ ሰው ደግሞ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅሎችን ቢጠቀም ወጪው ይቀልለታል።

በቀን ማሰለፍ

ወርዶ የተከመረ ፋይል ገና መዝገብ አልሆነም። ከአውድማ የገባ እህል ተበጥሮ ጎተራ እንደሚገባ፣ ይህም መለየትና መሰለፍ አለበት።

ቀላሉ መንገድ በዓመት አንድ ማኅደር ከፍቶ፣ ለየፋይሉ ከዓመት የሚጀምር ስም መስጠት ነው። «2018-01-21 ግሸን አቀበት» የሚል ስም ለምሳሌ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ምን ያመለክታል። ዓመት፣ ወርና ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ሲጻፉ ስልኩም ኮምፒውተሩም ያለ ሌላ ፕሮግራም በራሳቸው በጊዜ ያሰልፏቸዋል። ወርና ቀን አንድ አሃዝ ሲሆኑ ከፊታቸው ዜሮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጥቅምት ከሁለተኛው ወር ይልቅ ከ10ኛው ወር በኋላ ሊሰለፍ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ስልክ ፎቶን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን ቀን ነው። መስከረም 21 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ኦክቶበር 2 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም የሆነው ይኸው ነበር። ስለዚህ ባለመዝገቡ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት አለበት። ሁለቱን መቀላቀል መዝገቡን በሰባትና በስምንት ዓመት ያዛባዋል።

ሌላው ስህተት የሚመጣው ከመላላኩ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተነሣበት ቀንና ቦታም ከውስጡ ይወጣል። ስለዚህ ተቀባዩ ስልክ ላይ የሚታየው ቀን የተላከበት እንጂ የተነሣበት አይደለም። ዋናውን ለማስተላለፍ «ፋይል» በሚለው ምርጫ መላክ ይቻላል።

ከምስሉ ጋር አንድ መስመር ጽሑፍ ማኖር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ለምን እንደተነሣ ያልተጻፈበት ፎቶ ከ20 ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው ምስል ይሆናል። የጥንት ጸሐፍት በመጽሐፍ መጨረሻ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈውና በማን ዘመን እንደተጻፈ የሚያኖሩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ፦ አስቀድሞ ወደ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ገበያ

የድሮውን መልቀም አድካሚ ነው። አዲሱ እንዳይበተን ማድረግ ግን ቀላል ነው። በዓለም ላይ የራሳቸውን ገጽ የሚያቋቁሙ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች የሚከተሉት መርህ አለ፤ አስቀድሞ በራስ ቦታ ማኖር፣ ቀጥሎ ቅጂውን ወደየማኅበራዊ መገናኛው መላክ። ገበሬ ከአዝመራው ለቤቱና ለዘር የሚሆነውን ካስቀረ በኋላ ቀሪውን ወደ ገበያ እንደሚያወጣው ማለት ነው።

የራሱ ድረ ገጽ ለሌለው ሰው ቅርቡ መንገድ በቴሌግራም ለራሱ ብቻ የሚታይ ቻናል መክፈት ነው። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ደረሰኙ አስቀድሞ እዚያ ይገባል፤ በቀኑም ይሰለፋል። ከዚያ ወደ ቤተሰብ ቡድን፣ ወደ ፌስቡክ ወይም ወደ ቲክቶክ ይላካል። ነገር ግን ቴሌግራምም የሰው ቤት ነው። አካውንቱ ለረዥም ጊዜ ካልተከፈተ ከነይዘቱ ሊሰረዝ ስለሚችል ቻናሉን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ፍላሽ ማውረድ ያስፈልጋል።

አንድ መገናኛ ከሌላው ጋር በራሱ እየተናበበ ሁሉን ወደ አንድ ቦታ እንዲያመጣ የሚያስችሉ የጋራ ደንቦችም አሉ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው «አርኤስኤስ» እና በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የድር ደንብ አውጪ ተቋም ያጸደቀው «አክቲቪቲፐብ» ይጠቀሳሉ። የዩቲዩብ ቻናሎች እስካሁን በአርኤስኤስ ይነበባሉ። ፌስቡክና ቲክቶክ ግን የግል ተጠቃሚን ጽሑፍና ቪዲዮ በዚህ መንገድ ወደ ውጭ አያፈስሱም። ተጠቃሚው በእነርሱ ገጽ ላይ በቆየ መጠን ማስታወቂያ ይሸጣሉና በሩን የሚከፍቱበት የንግድ ምክንያት የላቸውም። ለዚህ ነው ለጊዜው በእጅ መልቀም አስፈላጊ የሚሆነው።

መሰብሰብ የሚያመጣው አደጋ

ሁሉን በአንድ ቦታ ማድረግ ሌባም ሁሉን በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ያደርጋል። የግል ማኅደር ሲዘጋጅ የማይገቡበትን ነገሮች መለየት ቀዳሚ ሥራ ነው። የቴሌብርና የባንክ የሚስጥር ቁጥር፣ በአጭር መልእክት የሚመጡ የማረጋገጫ ኮዶች በምንም መልኩ አይቀመጡም። የፋይዳ መታወቂያና የይዞታ ደብተር ፎቶ የሚቀመጥ ከሆነ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ቦታ እንጂ ከበዓል ፎቶ ጋር አይቀላቀልም። በፌስቡክ፣ በጉግልና በቴሌግራም ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ስልክ ወይም ሲም ካርድ ቢሰረቅ አካውንቱ በቀላሉ እንዳይወሰድ ይረዳል።

ሌላው ጉዳይ የሰው ምስል ነው። በግሸን ሕመምተኛ ይመጣል፤ ስለት ያለበት እያለቀሰ ይጸልያል፤ ሕፃናት ይታያሉ። በግል ማኅደር መቀመጡ አንድ ነገር ነው፤ ለአደባባይ መልቀቁ ሌላ ነው። ሁለቱን በተለያየ ክፍል ማድረግ አንድ ቀን በስህተት የሌላውን ሰው ገመና ከመልቀቅ ያድናል።

ሕጉም ይህን ጉዳይ መያዝ ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድ ሰው ስለ እርሱ የተያዘን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረምና መረጃውን ወስዶ ወደ ሌላ የማዛወር መብትን ያካትታል። አፈጻጸሙን የመከታተል ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ «መረጃዬን ስጡኝ» ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ሦስት ቅጂ፣ አንዱ በሩቅ

የመረጃ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚመክሩት የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ለአንድ ቤተሰብ ሲተረጎም አንዱ በስልኩ፣ ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ማለት ነው። ፍላሽ ለብዙ ዓመት ሳይከፈት ቢቀመጥ ሊበላሽ ስለሚችል በየዓመቱ ማየትና በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ መገልበጥ ያስፈልጋል። የሐይቅ ወንጌል ዋናው በገዳሙ፣ ቅጂው ባሕር ማዶ እንደሆነው ሁሉ የቤተሰብ መዝገብም በአንድ አደጋ የማይጠፋ መሆን አለበት።

በመጨረሻም ቁልፉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቱ ቢታመም ወይም ቢሞት ማኅደሩ የት እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ አንድ የታመነ የቤተሰብ አባል ከሌለ የተሰበሰበው ሁሉ ተዘግቶ ይቀራል።

ሥራውን በአንድ ጊዜ መጨረስ አይጠበቅም። በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት መድቦ ከፌስቡክ ማውረጃውን መጠየቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የቴሌግራሙን፣ ከዚያም የደረሰኞቹን ማሰለፍ ይቻላል። ቀጥታ ሥርጭት ያስተላለፈ ሰው ግን ቀኑን መቁጠር አለበት፤ የ30 ቀኑ ገደብ አይጠብቀውም። በሚመጣው መስከረም 21 ወደ ግሸን የምትወጣው ምዕመን ከአምባው ከወረደች በኋላ በመጀመሪያው ምሽት የቀረጸችውን ሁሉ «ግሸን» ብላ በቀኑ ሰይማ በአንድ ቦታ ብታኖር፣ ልጆቿ ሲጠይቋት የምታሳያቸው የተሟላ የአንድ ቀን ታሪክ ይኖራታል።